ነዋሪው አዋጥቶ ባሠራው የኮብልስቶን መንገድ ላይ የጥገናው ግዴታ የማን ነው?

ገንዘብ ያዥ (ጥቅምት 4)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚታጠፍና ሠላሳ ያህል ግቢዎች በሚጋሩት መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ቀድሞ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ግን ኮሚቴ መርጠን፣ ቤት ለቤት እየዞርን ገንዘብ አዋጣን፤ የጎደለውን መንግሥት ሸፈነና ኮብልስቶን ተነጠፈ። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ እኔ ስለ ነበርኩ የደረሰኙን ጥራዝ እስከ ዛሬ በሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በጡረታ አበል ብቻ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ድርሻቸውን በሦስት ጊዜ ከፍለው የጨረሱ ዕለት፣ «እንግዲህ ሬሳዬ እንኳ በጭቃ አይወጣም» ብለው የመረቁኝን አልረሳውም።

ካቻምና ግንቦት ላይ አንድ አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤት ቱቦ ለመቅበር መንገዱን አቋርጦ ቆፈረ። ቱቦው ከተቀበረ በኋላ አፈሩ ተመለሰ፤ ድንጋዩ ግን በአጥር ሥር ተከምሮ ቀረ። ከዚያ ክምር ጥቂቱ ለቆርቆሮ ጣሪያ መጫኛ ተወሰደ፣ ጥቂቱም ወደ ዲቹ ተንከባሎ ውሃ መዝጋት ጀመረ። ክረምቱ ሲገባ የተቆፈረው ቦታ ሰመጠ፤ ከግራና ከቀኝ ያለው ንጣፍም ድጋፍ አጥቶ አንድ በአንድ ይላቀቅ ጀመር። ዛሬ ሃያ እርምጃ ያህል ርዝመት ያለው ቦታ ሲረገጥ ይወዛወዛል፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት ድንጋዩን የረገጠ ሰው ከሥሩ የሚፈናጠረው የጭቃ ውሃ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል። ባለፈው ነሐሴ እነዚያው እናት ከቅዳሴ ሲመለሱ እዚያ ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ።

አቤት ያልንበት የመጀመሪያው ቢሮ፣ መንገዱን ያሠራው ማኅበረሰቡ ስለሆነ የሚጠግነውም ማኅበረሰቡ ነው አለን። የቆፈረው መሥሪያ ቤት ደግሞ ሥራውን ለኮንትራክተር እንደ ሰጠ ገልጾ ወደ እርሱ መራን፤ ኮንትራክተሩን ግን ልናገኘው አልቻልንም። አሁን ነዋሪው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ እንደገና አዋጥተን እናስጠግን ይላል። ግማሹ ደግሞ ዳግመኛ ካዋጣን መንገዱ የእኛ ነው ብለን እንደ ፈረምን ይቆጠርብናል የሚል ሥጋት አለው። ገንዘብ ማዋጣት ባለቤት ያደርጋል? ባለቤትስ ካላደረገ፣ ለተቆፈረው መንገድ ተጠያቂው ማን ነው? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ድንጋይ አንጣፊ (ጥቅምት 4)

ጋሼ፣ ስለ ባለቤትነቱ ሕግ የሚያውቁ ይመልሱልዎት፤ እኔ የምናገረው በእጄ ስለማውቀው ነገር ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ከጠረባ ጀምሬ እስከ ንጣፍ ድረስ ለስድስት ዓመታት ሠርቻለሁ።

ኮብልስቶን የሚቆመው በድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ከታች ውሃ እየጠጣ በማሽን የተጠቀጠቀ ሰሌክት፣ ማለትም ለመሙያ የተመረጠ የአፈርና የጠጠር ቅልቅል፣ አለ፤ በላዩ አሸዋ ይነጠፋል፤ ድንጋዩ በአሸዋው ላይ በመዶሻ እየተመታ ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ክፍተቱ በደቃቅ አሸዋ ይሞላና ዳርና ዳሩን ከርብስቶን የሚባለው የጠርዝ ድንጋይ ይይዘዋል። እያንዳንዱ ድንጋይ የሚቆመው ጎረቤቱ ስለሚደግፈው ነው። ስለዚህ መካከሉን ቆፍሮ፣ የወጣውን አፈር ሳይጠቀጥቁ በአካፋ መልሶ መሄድ ማለት ጉዳቱን በተቆፈረው ልክ ብቻ መተው አይደለም፤ በመጀመሪያው ክረምት አፈሩ ይሰምጣል፣ ውሃ ይገባል፣ አሸዋው ይታጠባል፣ ከዚያም ያልተነካው ንጣፍ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ማዘንበል ይጀምራል። እርስዎ የገለጹት በትክክል ይኼንን ነው።

ጥገናው ከባድ አይደለም። ከተቆፈረው ስፋት ግራና ቀኝ ቢያንስ አንድ አንድ ሜትር ጨምሮ ድንጋዩን ማንሳት፣ ጭቃውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት፣ ሰሌክት በየንብርብሩ እየጠቀጠቁ መሙላት፣ ከዚያ መልሶ ማንጠፍ ነው። ድንጋዩ ራሱ አያረጅም፤ ታጥቦ እንደገና ይነጠፋል። አዲስ የሚገዛው የጠፋው ብቻ ነው። ስለዚህ በአጥር ሥር የተከመረውን ዛሬውኑ አንድ ግቢ ውስጥ አስገብታችሁ ቆጥራችሁ አስቀምጡ። እየተወሰደ ካለቀ ወጪው በእጥፍ ይጨምራል። ሌላው ደግሞ፣ ቤት የሚሠራ ጎረቤት ካለ አሸዋና ብረት የጫነ ሲኖትራክ ወደ ውስጥ ይገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ለቤት መኪና ተብሎ የተነጠፈ መንገድ ያንን ክብደት አይችልም።

ሕግ አንባቢ (ጥቅምት 5)

የጠያቂው ጥያቄ ሁለት ነገሮችን የያዘ ስለሆነ ለየብቻቸው ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1446 መንገዶችን የመንግሥት ሲሆኑ የሕዝብ አገልግሎት ንብረት ከሆኑት መካከል ይቆጥራቸዋል፤ በቁጥር 1454 እንዲህ ያለ ንብረት ከሕዝብ አገልግሎት ካልወጣ በቀር ለሌላ ሊተላለፍ እንደማይችል፣ በቁጥር 1455 ደግሞ በይርጋ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ በመያዝ ብቻ፣ የማንም ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ተደንግጓል። እንግዲህ መንገዱ በግቢዎቻችሁ ካርታ ውስጥ ያልገባና በከተማው ፕላን ላይ መንገድ ሆኖ የተሰመረ ከሆነ፣ ነዋሪው ያዋጣው ገንዘብ የመንገዱን ባሕርይ አይለውጠውም። ለትምህርት ቤት ግንባታ ያዋጣ ወላጅ የትምህርት ቤቱ ባለቤት እንደማይሆን ሁሉ፣ ለመንገድ ያዋጣም የመንገዱ ባለቤት አይሆንም። ዳግመኛ ብታዋጡም መልሱ ያው ነው፤ ስለዚህ የግማሹ ነዋሪ ሥጋት በእኔ ግምት መሠረት የለውም። ያም ሆኖ፣ ካዋጣችሁ ገንዘቡ ለአስቸኳይ ጥገና የተሰጠ ድጋፍ መሆኑን፣ የማስመለስ መብታችሁንም ያላነሳችሁ መሆኑን በቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩ።

ሁለተኛው የቆፋሪው ኃላፊነት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ለኮንትራክተር መስጠቱ በሁለቱ መካከል ያለ ውል ነው፤ ነዋሪው የዚያ ውል ተዋዋይ ስላልሆነ ኮንትራክተሩን እስኪያገኝ ሳይጠብቅ መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። አቤቱታችሁን በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ አቅርቡ፣ የቁፋሮ ፈቃዱ መቼና ለማን እንደ ተሰጠ፣ መልሶ የመጠገን ግዴታም ተካቶበት እንደ ሆነ እንዲገለጽላችሁ ጠይቁ፤ ግልባጩን መንገድ ለሚያስተዳድረው አካል አድርሱ። የወደቁት እናት የሕክምና ማስረጃ ካላቸው አብሮ ይያያዝ። ፎቶ ስታነሱ ጥልቀቱ እንዲታይ ሜትር ወይም ክርን አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ መንገዱ ተሠርቶ ሲያልቅ የርክክብ ሰነድ ተፈርሞ ነበር?

ገንዘብ ያዥ (ጥቅምት 5)

አልተፈረመም። የምረቃው ዕለት ዳቦ ተቆርሶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ንግግር ተደርጎ ተለያየን። ማን ለማን እንዳስረከበ የሚገልጽ ወረቀት በእጄ የለም።

ሕግ አንባቢ (ጥቅምት 5)

እንግዲህ የችግሩ ሥር ይኸው ነው። ሲሠራ ሁሉም ባለቤት ነበር፤ ርክክብ ስላልተደረገ ግን መንገዱ በማንም የጥገና መዝገብ ላይ አልሰፈረም። የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን በ1990 ዓ.ም. ሲቋቋም የከተማዋን መንገዶች እንዲሠራና እንዲጠግን ነው፤ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው የመንገድ ፈንድም ለከተሞች የጥገና ድርሻ ይሰጣል። ነገር ግን የጥገና በጀት በአብዛኛው የሚያዘው ለተመዘገበ መንገድ ነው። ዘግይቶም ቢሆን ርክክብ እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቁ።

የእድር ሰብሳቢ (ጥቅምት 6)

ልጆቼ፣ የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን ከሌላ ወገን ላየው እፈልጋለሁ። በእኛ ሰፈር ተመሳሳይ ነገር ገጥሞን ደብዳቤ ስንጽፍ፣ መልስ ስንጠብቅ፣ ሁለት ክረምት አለፈብን። በመጀመሪያው ዓመት አምስት ሜትር የነበረው ብልሽት በሁለተኛው ዓመት የመንገዱን እኩሌታ በላ። በመጨረሻ አውጥተን የሠራንበት ገንዘብ፣ መጀመሪያውኑ ብንሠራው ከምናወጣው ብዙ እጥፍ ነበር። አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች በዚያ መንገድ ላይ ሲደነቃቀፉ ያየ ሰው የማን ግዴታ ነው ብሎ ለመከራከር ልቡ አይፈቅድለትም። መብታችሁን ጠይቁ፤ ደብዳቤውም ይጻፍ። ጥቅምት ግን የሥራ ወር ነው፤ ውሃው ደርቋል፣ መሬቱም ገና አልጠነከረም። ደብዳቤው በመንገድ ላይ ሳለ ጉድጓዱ ይሞላ።

ማኅሌት ነኝ (ጥቅምት 7)

የእድር ሰብሳቢውን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ እያደረግን ስለ ቆየን አይደለም ወይ ማንም ኃላፊነቱን የማይወስደው? ቆፋሪው ነዋሪው እንደሚሸፍንለት ካወቀ ነገም ይቆፍራል።

የእኔ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። በእኛ መንገድ መግቢያ ላይ ነዋሪው የብረት በር አቁሞ ጥበቃ ቀጥሯል፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንግዳ አይገባም። ዘንድሮ ንጣፉ ሲበላሽ ኮሚቴው መንግሥት ይጠግንልን ብሎ አመለከተና ተቀባይነት አላገኘም። መንገዱ የግል ነው ወይስ የሕዝብ?

ሕግ አንባቢ (ጥቅምት 7)

እህቴ፣ ይኼ ጥያቄ በብዙ ሰፈር ያለ ነው፤ በግልጽ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። መንገዱ በፕላን ላይ የሕዝብ መንገድ ከሆነ፣ በር ማቆሙ የግል አያደርገውም፤ ነዋሪውም ሌላውን ሰው የመከልከል መብት አይኖረውም። በአንጻሩ አንድ የቤት አልሚ በሊዝ በያዘው ይዞታ ውስጥ የሠራው የውስጥ መንገድ ከሆነ፣ ለከተማው እስካልተላለፈ ድረስ የሚጠግኑት በውላቸው መሠረት አልሚው ወይም የቤት ባለቤቶቹ ናቸው። ለደኅንነት ሲሆን የእኛ፣ ለጥገና ሲሆን የመንግሥት ማለት ግን አያስኬድም። ኮሚቴያችሁ በመጀመሪያ ካርታውንና የሳይት ፕላኑን አውጥቶ ይመልከት። ውጤቱ የሕዝብ መንገድ ከሆነ በሩ ይነሳና ጥገናው በሙሉ ልብ ይጠየቅ።

የማኅበር ጸሐፊ (ጥቅምት 9)

እኔ የምጽፈው ከኮንዶሚኒየም መንደር ነው። የእኛ ሁኔታ ከሁለታችሁም ይለያል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ መገልገያዎችን ያስተዳድራል፣ ይጠግናል፤ እያንዳንዱ ባለቤትም የወጪውን ድርሻ ይከፍላል። ስለዚህ በብሎኮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የጎርፍ መውረጃው የእኛ ግዴታ ለመሆኑ ክርክር የለንም።

ክርክሩ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። የምንሰበስበው ወርኃዊ መዋጮ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ብቻ ይበቃል። ብዙው ቤት የተከራየ ስለሆነ ተከራይ «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ ወይ ሌላ ሰፈር ወይ ውጭ አገር ነው። ባለፈው ዓመት በ4ኛውና በ5ኛው ብሎክ መካከል የማንሆል ክዳን ተሰብሮ ለሦስት ሳምንት በተገለበጠ የፕላስቲክ በርሜል ተሸፍኖ ቆየ። ክዳኑን ለመግዛት ልዩ ስብሰባ መጥራት ነበረብን፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነስተው፣ «ልጆች ሲጫወቱ በዚህ በኩል ሲሮጡ ሳይ ዓይኔን እጨፍናለሁ» ሲሉ ነው ሰው የከፈለው። ከዚያ በኋላ ከየወሩ መዋጮ ትንሽ እየቀነስን በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ጀምረናል፤ ምን ያህል እንደሚበቃ ግን የምናሰላበት መንገድ የለንም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጥቅምት 10)

ለማኅበር ጸሐፊው ሊጠቅም የሚችል ነገር ስላለኝ ልጻፍ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለው ሰፈር ነው። እዚህ ሁለቱም ዓይነት መንገድ ጎን ለጎን አለ። ዋናው መንገድና የእግረኛው መሄጃ የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ስለሆነ ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ካውንቲው ነው፤ በረዶ ሲጥል ግን ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን የእግረኛ መሄጃ በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥረግ የእኔ ግዴታ ነው። ባለቤትነትና ጽዳት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ የተማርኩት ከዚህ ነው።

ከዋናው ታጥፈን ስንገባ ያለው መንገድ ደግሞ የማኅበሩ የግል መንገድ ነው። አስፋልቱን፣ የመንገድ መብራቱን፣ የበረዶ ጠረጋውን የምንከፍለው እኛው ነን። ቤቱን ስገዛ ይኼን አላስተዋልኩም ነበር፤ የፈረምኩት ወረቀት ውስጥ ግን ተጽፎ ነበር። የሜሪላንድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ማኅበራት የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥናት በባለሙያ እንዲያስጠኑና በየአምስት ዓመቱ እንዲያድሱት ያስገድዳል። ባለሙያው መጥቶ አስፋልቱ ስንት ዓመት እንደሚቀረው፣ በዚያን ጊዜ መልሶ ለመሥራት ስንት እንደሚያስፈልግ ያሰላል፤ ያ ገንዘብ ለቀሩት ዓመታት ተከፋፍሎ በየዓመቱ መዋጮ ላይ ይጨመራል። እናንተም መሐንዲስ የሆነ ነዋሪ አታጡም። የማንሆል ክዳን፣ የቦይ፣ የንጣፍ፣ የውሃ ታንከር ዝርዝር አውጥታችሁ፣ በእያንዳንዱ አንጻር የቀረውን ዕድሜና የመተኪያውን ዋጋ ብትጽፉ አንድ ገጽ ይበቃችኋል። ውጭ አገር ሆነን ቤት ላከራየነውም ሰዎች ያንን ገጽ ላኩልን፤ ለምን እንደምንከፍል ካየን የምንከፍል ብዙዎች ነን።

በነጭ በትር የምሄድ (ጥቅምት 12)

ማየት የተሳነኝ ሰው ነኝ፤ የምጽፈውም በስልኬ የድምፅ አንባቢ እየታገዝኩ ነው። እስካሁን የተነጋገራችሁት ስለ ውስጥ መንገድ ነው። እኔ ስለ እግረኛ መንገድ ልጨምር።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ሰፊና ደልዳላ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ስሄድ ልቤ ያርፋል። ችግሩ የሚጀምረው ከኮሪደሩ ወጥቼ ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሕንፃ ከፊቱ ያለውን ቦታ በራሱ ከፍታና በራሱ ንጣፍ ሠርቶታል። አንዱ ሴራሚክ፣ አንዱ እብነ በረድ፣ አንዱ ባዶ ሲሚንቶ ነው። በበትሬ ጫፍ ድምፁን ስለምለይ የትኛው ሕንፃ ፊት እንደ ደረስኩ አውቃለሁ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ደረጃ ግን አንድ ቦታ ወደ ላይ፣ አንድ ቦታ ወደ ታች ነው። የዝናብ ዕለት ሴራሚኩ ላይ መቆም እንኳ አይቻልም። ባለፈው ሐምሌ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ውስጥ አንድ እግሬ ገብቶ ጭኔ ድረስ ተላጠ። ያወጡኝ ሰዎች ክዳኑ ከተሰረቀ ወር እንዳለፈው ነገሩኝ። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ጉድጓዱ ፊት ለፊት ሱቅ አለ፤ ባለ ሱቁ በየቀኑ ያየዋል። እርሱ ምንም ግዴታ የለበትም ማለት ነው?

ባለ ሱቅ (ጥቅምት 12)

ወንድሜ፣ ያ ሱቅ የእኔ አይደለም፤ ነገር ግን የእኔም ሊሆን ይችል ነበርና መልስ መስጠት ይገባኛል። ሱቄ ፊት ያለውን ንጣፍ ሴራሚክ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ሲሠራ ያሰብኩት ለደንበኛ ማማርና ጭቃ አለመግባቱን ብቻ ነበር። በዝናብ እንደሚያዳልጥ አውቃለሁ፤ ካርቶን አነጥፍበታለሁ። ከአጠገቤ ያለው ሕንፃ ከእኔ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ እንደ ተሠራና መካከሉ ላይ ሰው እንደሚደናቀፍም አይቻለሁ። ለመሆኑ አንድ ሰው እዚያ ላይ ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ?

ሕግ አንባቢ (ጥቅምት 13)

በሕዝብ መንገድ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ያነጠፉት እርስዎ ከሆኑ፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ቁጥር 2028 እርስዎንም ይመለከታል፤ የሚያዳልጥ መሆኑን እያወቁ መተውዎ ነገሩን ያከብደዋል። ያለ ክዳን የቀረው ጉድጓድ ግን የመስመሩ ባለቤት የሆነው አካል ግዴታ ነው እንጂ የባለ ሱቁ አይደለም። ባለ ሱቁ ግን ክዳን መግዛት ባይኖርበትም ስልክ መደወልና በላዩ ምልክት ማቆም ይችላል።

ድንጋይ አንጣፊ (ጥቅምት 13)

ሴራሚኩን ማንሳት ካልፈለጉ በግራይንደር በአንድ አቅጣጫ ጥቅጥቅ ያለ መስመር ማስጫር ይቻላል፤ እግር ይይዛል። የከፍታውን ልዩነት ደግሞ ከጎረቤትዎ ጋር ተነጋግራችሁ በተዳፋት ሲሚንቶ ብታገናኙት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ምልክት ሲቆም ደግሞ በትር የሚነካው ከመሬት የተነሳ ነገር ይሁን፤ ቅርንጫፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ ለዚህ ወንድማችን አይጠቅምም።

ገንዘብ ያዥ (ጥቅምት 19)

ለሰጣችሁኝ ምክር ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነዋሪውን ሰብስበን ነበር፤ ከሠላሳው ግቢ ሃያ ሁለቱ ተገኙ። ሁለት ደብዳቤ ተጽፎ ተፈርሟል፤ አንዱ ለቆፈረው መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ደግሞ መንገዱን በርክክብ ተቀብሎ እንዲመዘግብልን መንገድ ለሚያስተዳድረው አካል ነው። የደረሰኞቹን ጥራዝ ኮፒ፣ ፎቶዎቹንና የእናታችንን የሐኪም ወረቀት አያይዘናል። ደብዳቤዎቹ ገቢ የተደረጉበትን ቁጥርና ቀን መዝግቤ ይዣለሁ።

እስከዚያው ድረስ የሰመጠውን ቦታ ብቻ አዋጥተን ለማስጠገን ተስማምተናል፤ ሕግ አንባቢ እንዳለው በቃለ ጉባኤው ላይ የማስመለስ መብታችን እንደ ተጠበቀ ሰፍሯል። ልጆቹ የቀረውን ድንጋይ በባሬላ አጓጉዘው እኔ ግቢ አስገብተውታል፤ ሲቆጠር 1,140 ሆኗል። የጎደለው ምን ያህል እንደ ሆነ ድንጋይ አንጣፊው መጥቶ ቢለካልን ደስ ይለናል። እናታችን እጃቸው በጀሶ እንደ ታሰረ ስብሰባው ላይ መጥተው ነበር። በዚህ ዙር ከመዋጮ ነፃ ይሁኑ ብለን ወስነን ነበር፤ እርሳቸው ግን አልተቀበሉም፤ ከመቀነታቸው ፈትተው ከፍለዋል። ደረሰኙን ቆርጬላቸዋለሁ።

ድንጋይ አንጣፊ (ጥቅምት 19)

ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መምጣት እችላለሁ። አድራሻዎን በግል መልእክት ይላኩልኝ። አሸዋ ቀድማችሁ አትግዙ፤ መጀመሪያ ልየው።